ሁሉም ታታሪ፣ ሁሉም ተግባቢ

ወልድያ ውስጥ ሰነፍ ሰው የለም። ይህን የምለው በወሬ አይደለም፤ በጽሑፍ አይቼ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከሰዓት በኋላ የምቀመጠው የእህቴ ልጅ የከፈተችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት በር ላይ ነው። ማተሚያው የሚተፋውን ወረቀት ሳላነብ አላሳልፍም፤ ዕድሜ ልኬን መዝገብ ቤት የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ወረቀት አይቶ ዝም ማለት አልተፈጠረብኝም። ታዲያ ከጎንደር በር የመጣው ታታሪ ነው። ከአዳጎ የመጣችው ታታሪ ናት። ከመቻሬ አብረው የመጡት ሦስት ጓደኛሞች ታታሪ፣ ተግባቢ፣ በቡድን መሥራት የሚችሉና የሥራ ጫናን የሚቋቋሙ ናቸው፤ ሦስቱም በአንድ ዓይነት ቃል፣ በአንድ ዓይነት ፊደል፣ በአንድ ዓይነት ስህተት። ይህ ሁሉ ታታሪ እያለ የሰፈራችን ቦይ ለምን እንደተደፈነ የሚያስረዳኝ ባገኝ ቡና እጋብዝ ነበር።

«ደግሞ ‹በእኛ ጊዜ› ሊል ነው» አላችሁ። አዎ፣ ልል ነው። በእኛ ጊዜ ሥራ ፈላጊ መስመር ያለው ወረቀት ገዝቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ራሱ ይጽፍ ነበር። የእጁ ጽሑፍ ያላማረለት ፍርድ ቤት ደጅ የተቀመጠ ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ሄዶ ከፍሎ ያስጽፋል። ማመልከቻው «ለ» ብሎ ይጀምራል፤ ለየትኛው መሥሪያ ቤት፣ ለየትኛው ክፍል፣ የትኛውን ማስታወቂያ አይቶ። የሚጽፈው ሰው የሚያነበውን ሰው ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ነበር የሚጽፈው። የዛሬው ሲቪ ግን ለማንም አልተጻፈም። ከጓደኛ ፍላሽ ተገልብጦ፣ ስም ተቀይሮበት፣ በአርባ ኮፒ ወጥቶ እንደ ሠርግ መጥሪያ ይበተናል።

ልጆቼ የረሱት ይህን ነው። ወረቀቱን የሚያነበው ሰው ነው፤ ምሳው ያለፈበት፣ ጠረጴዛው ላይ የእናንተን መሰል ክምር የተከመረበት፣ እናንተን በመልክም በዘርም የማያውቅ ሰው። እሱ ማወቅ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፤ ይህ ሰው ምን ይችላል? ያለው እውነት ነው ወይ? ስፈልገው አገኘዋለሁ ወይ? ለእነዚህ የማይመልስ መስመር ሁሉ የቀለም ብክነት ነው። የእህቴ ልጅ በገጽ ስለምታስከፍል በዚህ ጉዳይ ከእኔ ጋር አትስማማም።

ከላይ እንጀምር፤ ከፎቶው። ልጁ ፎቶ ቤት በቲሸርት ይገባና ሱፍና ክራቫት ለብሶ ይወጣል። የሚያለብሰው ኮምፒዩተሩ ነው። አንገቱ የራሱ፣ ትከሻው የሌላ ሰው፤ ያችን ሰማያዊ ክራቫት ያላሰረ ሥራ ፈላጊ ደግሞ በከተማው አልቀረም። ማስታወቂያው ፎቶ ካልጠየቀ ማን አስገደዳችሁ? ከጠየቀስ ያላችሁን ንጹሕ ሸሚዝ ለብሳችሁ መነሳት ምን ይገዳል? ለቃለ መጠይቅ ስትሄዱ በር ላይ ያለው ጥበቃ እንኳ ሊለያችሁ ይገባል።

ከፎቶው ሥር «የግል መረጃ» ይመጣል። ፆታ፣ ሃይማኖት፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ቁመት። «የጤና ሁኔታ፦ ጥሩ» ይላል። ማን መረመረህ? ቀጥሎ የቋንቋ ሰንጠረዥ አለ፤ መስማት፣ መናገር፣ ማንበብ፣ መጻፍ። ወልድያ ተወልዶ ወልድያ ያደገ ልጅ «አማርኛ መስማት፦ እጅግ በጣም ጥሩ» ብሎ ምልክት ያደርጋል። እናቱ ብትጠየቅ ግን ሲጠሩት አይሰማም። እንግሊዝኛውም «እጅግ በጣም ጥሩ» ነው፤ ይህን የመሰከረበት ዓረፍተ ነገር ራሱ ግስ የለውም። ቋንቋ መጥቀስ የሚጠቅመው ሌላው የማያውቀውን ስታውቁ ነው። አፋርኛ ወይም ትግርኛ የሚናገር ልጅ ከዚህ ተነስቶ ወደ ምሥራቅም ወደ ሰሜንም ለሚሠራ ድርጅት ትልቅ ሀብት ነው፤ እሱን ግን ቤት ውስጥ ስለተማረው አይጽፈውም።

ትምህርቱ ደግሞ ከአጸደ ሕፃናት ይጀምራል። ከ1ኛ እስከ 4ኛ እዚህ፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ እዚያ፣ በመሀል የተቀየረበት ትምህርት ቤት ከነምክንያቱ። ቀጣሪው የሚፈልገው ዲግሪ ሁለተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ተደብቆ ይገኛል። የቅርቡ ይቅደም! ዲግሪ የያዘ ሰው 4ኛ ክፍልን ማለፉን የሚጠራጠር የለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና መጥቷል፤ አልፋችሁ ከሆነ እሱን ከዲግሪው ጎን አስቀምጡት። ገና ዋናውን ዲግሪ ያልተቀበላችሁ ከሆነ በእጃችሁ ያለው ጊዜያዊው ማስረጃ፣ ቴምፖ የሚባለው፣ መሆኑን በግልጽ ጻፉ፤ በኋላ «ዋናውን አምጣ» ሲባል ከመርበትበት ይሻላል።

መግቢያው ላይ ያለው «ዓላማ» የተባለው አንቀጽስ? «ፈታኝ በሆነ የሥራ ከባቢ ውስጥ እውቀቴንና ክህሎቴን ተጠቅሜ ለተቋሙ ዕድገት የበኩሌን አስተዋጽኦ ማበርከት።» ይህን አንቀጽ ማን እንደ ጻፈው አላውቅም፤ ያገኘሁት ዕለት ግን የምለው አለኝ። ነርሱም፣ መሐንዲሱም፣ ገንዘብ ያዡም ይህንኑ ነው የሚሉት። አንዱ የባንክ ሥራ ሲያመለክት ዓላማው «በግንባታው ዘርፍ የላቀ ባለሙያ መሆን» ነበር፤ ፋይሉን ያዋሰው ጓደኛው ሲቪል ኢንጂነር ነው። ሌላይቱ ደብዳቤዋን ለአንድ ድርጅት ጽፋ፣ በሦስተኛው መስመር ተፎካካሪውን ድርጅት «ለረጅም ጊዜ ስመኘው የኖርኩት» ብላዋለች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይሏል ይኸው ነው። የማስታወቂያውን ቁጥርና የሥራ መደቡን ስም አንድ ጊዜ አይቶ መጻፍ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር።

እንግዲህ ደሜን የሚያፈላው ቦታ ደረስን፤ የሥራ ልምድ።

ከመርሳ የመጣች በአካውንቲንግ የተመረቀች ልጅ ነበረች። «የሥራ ልምድ» ከሚለው ሥር «የለም» ብላለች። «እስከ ዛሬ ምን ስትሠሪ ነበር?» አልኳት። «ምንም፣ ጋሼ። እናቴን ሱቅ ሳግዝ ነው።» ዱቤውን ማን ይመዘግባል? «እኔ።» ከደሴ ዕቃ ሲመጣ ደረሰኙን ከዕቃው ጋር ማን ያመሳክራል? «እኔ።» ግብር ሲደርስ ወረቀቱን ይዞ ገቢዎች ማን ይሄዳል? «እኔ ነኛ!» ይህ ሥራ ካልሆነ እኔም መዝገብ ቤት የኖርኩት ለሽርሽር ነው። የዕለት ሽያጭ መያዝ፣ የዱቤ ሂሳብ መከታተል፣ የዕቃ ቆጠራ፣ የግብር ማሳወቂያ፤ አካውንታንት የሚቀጥር ሰው ሌላ ምን ፈልጎ ነው? እሷ ግን ይህን ሁሉ ትታ «ፈጣን የመማር ችሎታ ያላት» ብላ ጽፋለች።

ከጊራና የመጣው ልጅ የባሰ ነው። በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቋል። አባቱ ብርቱካንና ሽንኩርት በመስኖ ያለማሉ፤ ፓምፑን የሚያስነሳው፣ ውሃ የሚያዞረው፣ የሚረጨውን መድኃኒትና ቀኑን በደብተር የሚጽፈው፣ ነጋዴ ሲመጣ ኪሎውን ተከራክሮ የሚያስመዝነው እሱ ነው። አንድ ድርጅት ለግብርና ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ፈልጎ ነው የሚያመለክተው። ሲቪው ላይ ግን ስለ ማሳው አንዲት ቃል የለም። «ምነው?» ብለው «የገበሬ ሥራ ነው፣ ጋሼ፣ ያሳፍራል» አለኝ። ኧረ በስማም! ሲሪንቃን የሚያህል የግብርና ምርምር ማዕከል መርሳና ወልድያ መሀል ተቀምጦ፣ አገር ሙሉ ባለሙያ ስለ ማሳ እየተመራመረ፣ እዚያው ሀብሩ ወረዳ ውስጥ ያደገ ልጅ ማሳ ያሳፍረዋል! የሌለውን ኳስ መጫወት «የትርፍ ጊዜ ዝንባሌ» ብሎ ሲጽፍ ግን አላፈረም።

በዚህ ነገር ፈረንጅም ቢሆን ብልህ አይጠፋበትም። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የሚባለው ሠዓሊ በ1480ዎቹ (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፤ አያችሁ፣ እኔ እጽፈዋለሁ) ለሚላኖው ገዥ ለሉዶቪኮ ስፎርዛ የሥራ ማመልከቻ አርቅቆ ነበር። ሚላኖ በዚያን ጊዜ ጦርነት የሚያሰጋት ከተማ ናት። ሰውዬው እንግዲህ ምን ጻፈ? ቀላል ተነቃቃይ ድልድይ እሠራለሁ፣ የምሽግ ውሃ አደርቃለሁ፣ መድፍ እሠራለሁ፣ የተሸፈነ የጦር ሠረገላ እሠራለሁ እያለ በተራ ቁጥር ደረደረ። ሥዕሉን ያነሳው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሰላም ከሆነ ደግሞ ሕንፃ እሠራለሁ፣ እቀርጻለሁ፣ እስላለሁም ብሎ። ዓለም ዛሬ የሚያውቀውን ሙያውን ከሥር አደረገው፤ አንባቢው የሚያሳስበውን ከላይ። ሥራውንም አገኘ፤ «የመጨረሻው እራት» የተባለውን ሥዕል የሠራው እዚያው ለዚያው ገዥ ነው። የእኛ ልጅ ቢሆን «ሊዮናርዶ፣ ያላገባ፣ ጤንነት ጥሩ» ብሎ ይጀምር ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ «ባቡር ሥራ ላይ ነበርኩ» ባዮች አሉ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚሆን ሐዲድ በቱርኩ ያፒ መርከዚ ሲሠራ ብዙ የአካባቢያችን ልጅ እንጀራ በልቶበታል። ታዲያ ሲቪው «በባቡር ፕሮጀክት የ2 ዓመት ልምድ» ይልና ነጥብ ያደርጋል። ምን ሆነህ? ቀያሽ ረዳት ነበርክ? ዕቃ ግምጃ ቤት? አስተርጓሚ? ሲሚንቶ ቆጣሪ? ሐዲዱን ብቻህን ዘረጋኸው? የሠራህበትን ቦታ ሳይሆን የሠራኸውን ሥራ ጻፍ። በቀን ስንት መኪና አሸዋ ትቀበል እንደነበር፣ በስንት ሰው ላይ ተቆጣጣሪ እንደነበርክ ጻፍ። ቁጥር ያለው መስመር «ታታሪ» ከሚል ሙሉ ገጽ ይበልጣል።

ወደ ዘመን አቆጣጠር ስመጣ እንባዬ ነው የሚቀድመኝ። ልጁ የልደት ዘመኑን በፈረንጅ 2002 ይላል። የተመረቀበትን ደግሞ በእኛ 2016። አንባቢው ቀንሶ ሲያየው በ14 ዓመቱ ዲግሪ የጫነ ሊቅ ሆኖ ያገኘዋል። ሌላው ተገልብጦ ልደቱን በእኛ፣ ምረቃውን በፈረንጅ ይጽፍና ስምንት ዓመት ያረጃል። አንዱ በ2024 ተመርቆ ከ2017 ጀምሮ በሙያው እየሠራ ነው፤ ሳይማር ነው የተቀጠረው ማለት ነው። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መቀበል የጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ የፈረንጁ 2011 መገባደጃ። አንድ ተመራቂ ለውጭ ድርጅት «ከወልድያ ዩኒቨርሲቲ፣ 2007» ብሎ ልኳል። በእኛ ቀን ልክ ነው። የሚያነበው ሰው ግን ባዕድ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ከመከፈቱ በፊት የተመረቀ ሰው ሲያይ ምን ይላል? ሐሰተኛ ይላል፤ ልጁ እውነቱን ተናግሮ ሐሰተኛ ሆኖ ይቀራል። አንዱን አቆጣጠር ምረጡ፣ ከላይ እስከ ታች በእሱ ጻፉ፣ የትኛው እንደሆነም ተናገሩ። ይህን ለማለት ዲግሪ አያስፈልግም ነበር።

ስምም እንደዚያው። የእኛ አገር ሰው ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ የአያቱ ስም ነው፤ የቤተሰብ ስም የሚባል የለንም። የፈረንጁ ቅጽ «የመጨረሻ ስም» ሲል አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ይሞላል፤ በሚቀጥለው ቅጽ ይገለብጠዋል። ሆሄው የባሰ ነው። በወሎ መሐመድ የሚባል ስንት ሰው አለ? በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ በኦ፣ አንዱ በዩ፣ አንዱ ኤሙን ሁለት አድርጎ፣ አንዱ ኤች ዘሎ። ያ ብቻ ቢሆን በተሻለ፤ አንዱ ልጅ ራሱ ዲግሪው ላይ በኦ፣ ፋይዳ መታወቂያው ላይ በዩ፣ ሲቪው ላይ በሁለቱም ነው። ኃይለ፣ ገብረ፣ ወልደ የሚል ስም ያለው ደግሞ ግማሹ ይቆረጥና «ገብረ» ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ የማን ገብር እንደሆነ ሳይታወቅ። የዲግሪያችሁን ሆሄ ያዙ፣ በሌላው ወረቀት ሁሉ እሱን ተከተሉ። መዝገብ ቤት አንድን ሰው ሁለት ፋይል ያስከፈተች አንዲት ፊደል ስንት ዓመት እንደምታንከራትት እኔን ጠይቁኝ።

አሁን «ያለው እውነት ነው ወይ?» ወደሚለው እንምጣ። «ኤክሴል፦ እጅግ በጣም ጥሩ» ያለው ልጅ እዚሁ ቤት አምድ መደመር አቅቶት በካልኩሌተር ሲደምር አይቼዋለሁ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ለአሠሪ እስከ 60 የሥራ ቀን የሚደርስ የሙከራ ጊዜ ሰጥቶታል። ውሸታችሁ 60 ቀን ይዘልቃል? ሐሰተኛ ማስረጃማ ከሥራ ማጣት አልፎ በወንጀል ያስጠይቃል፤ ቀጣሪዎችም ዛሬ ወረቀቱን ወደ ሰጠው ተቋም መልሰው ያጣራሉ። በአንጻሩ በእውነት የሠሩት ደግሞ የልምድ ማስረጃ ሳይጠይቁ ይወጣሉ። ያው አዋጅ ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ወይም ውሉ ሲቋረጥ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያዛል። በነፃ! በነፃ የሚሰጠውን ትተው በገንዘብ ማኅተም የሚያስቀርጹ አሉ መባሉን ስሰማ የደም ግፊት ክኒኔን ፈለግሁ።

ምስክር ተብለው የሚጻፉት ሰዎችስ! ሦስት ስም ተጽፏል፤ ሦስቱም አያውቁም። አንድ ቀን ስልኬ ጮኸ፤ ሴትዮዋ ስለ አንድ ልጅ ጠባይ ትጠይቀኛለች። ልጁን ለማስታወስ ስታገል የቆየሁት ጸጥታ ለእሱ ምን ዓይነት ምስክርነት እንደሆነ እናንተው ፍረዱ። የሰው ስም ከመጻፋችሁ በፊት ደውላችሁ አስፈቅዱ፣ ለየትኛው ሥራ እንደሆነም ንገሩት።

ስፈልገው አገኘዋለሁ ወይ? አታገኘውም። የኢትዮጵያ ስልክ 10 አኃዝ ነው፤ ዘጠኝ ጽፎ የሚሄድ አለ። ሌላው +251 ካለ በኋላ ዜሮዋንም ይጨምራታል፤ ውጭ ያለ ሰው ቢደውል አይገባለትም። በ09 እና በ07 ሁለት ሲም ይዞ፣ ሲቪው ላይ የሚጽፈው ቤት የተቀመጠውን ነው። ያ ሁሉ አልፎ ስልኩ ቢገባ ደግሞ ልጁ «ሃሎ» አይልም፤ «ማነው?» ነው የሚለው፣ ዕዳ ጠያቂ የመጣበት ይመስል። ኢሜይሉ «የየጁ ነብር 99» ነው። ነብርን ገንዘብ ያዥ አድርጎ የሚቀጥር ማን ነው? ስማችሁንና የአባታችሁን ስም አድርጉት፤ ከዚያም በሳምንት አንዴ ክፈቱት። ለፈተና ተጠርቶ ፈተናው ካለፈ በኋላ ያነበበ ልጅ እዚሁ ደጅ ላይ ሲያለቅስ አጽናንቼዋለሁ፤ ማለቴ ተቆጥቼዋለሁ።

መላኩ ራሱን የቻለ መከራ ነው። ሲቪውን ወረቀት ላይ ያትመዋል፣ ጠረጴዛ ላይ ያነጥፈዋል፣ በስልክ ፎቶ ያነሳዋል፣ በቴሌግራም ይልከዋል። በፎቶው ላይ አውራ ጣቱ፣ የቡና ሲኒና የኔ ክርን ይታያሉ። የፋይሉ ስም «ሲቪ አዲሱ ፋይናል ፋይናል 3» ነው። ቀጣሪው ዘንድ ሲደርስ ይኸው ስም ካላቸው ሃምሳ ፋይሎች ጋር ይቀላቀላል። ስማችሁንና የሥራ መደቡን ስም ስጡት እንጂ! የኢሜይሉ ርዕስ ባዶ፣ ሰላምታ የለ፣ ተያይዟል የሚል የለ፤ አንዳንዴ የተያያዘም የለ። አንዱ በአንድ ኢሜይል ለሃያ ድርጅት ልኮ፣ ሃያዎቹም እርስ በርስ አድራሻቸውን ያያሉ። በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ፋይል ደግሞ ያ ፊደል በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ከላይ እስከ ታች የላቲን ኮተት ይሆናል፤ ታታሪነቱም ተግባቢነቱም በአንድ ላይ ይጠፋል። ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩት። ወደ ራሳችሁ ልካችሁ በሌላ ሰው ስልክ ክፈቱት። ከዚያ ላኩት።

ይህን ስል አንድ የማልቀልድበት ነገር አለ። ነሐሴ 2013 ከተማችን በጦርነት ከተያዘች ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ቢሮው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ዩኒቨርሲቲው ሳይቀር ተዘርፏል። ዕድሜ ልክ የተጠራቀመ ወረቀት መንገድ ላይ ሲበተን ማየት ለመዝገብ ቤት ሰው ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። ማስረጃው ጠፍቶበት ዛሬም ምትክ ፍለጋ የሚመላለስ አለ። ስለዚህ ያላችሁን ሁሉ ስካን አድርጉ፤ ኢሜይላችሁ ውስጥ አስቀምጡ፤ አንድ ኮፒ ሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ዘንድ ይኑር። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮም በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ልጆቻችን ማስታወቂያ የሚያዩበትም የሚልኩበትም አጥተው አይተናል። «እስከ አርብ ይቻላል» የተባለውን አርብ ከሰዓት የሚልክ ሰው መብራትም፣ ኔትወርክም፣ የማተሚያው ቀለምም ይጠሉታል። በመጀመሪያው ቀን ላኩ።

ቀጣሪዎቹንስ ዝም ልበላቸው? ምን በወጣኝ! «ለጀማሪ፣ 2 ዓመት ልምድ ያለው» የሚል ማስታወቂያ ምሰሶ ላይ አንብቤያለሁ። «ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ ይዛችሁ በአካል» ይላሉ፤ ተመራቂው የወጪ መጋራት ዕዳ አለበት፣ በእጁ ያለው ቴምፖ ነው፣ ዋናውን ከየት ያምጣ? ከመርሳ ወልድያ፣ ከወልድያ ደሴ የሚመላለስበትን ትራንስፖርትስ ማን ይችለዋል? «ደመወዝ በስምምነት» ይላሉ፤ ከማን ጋር ተስማምተው እንደሆነ እንጃ። «ዋስ የሚያቀርብ» ይላሉ፤ ሥራ የሌለውን ሰው ማን ይዋሰዋል? ላልተመረጠው አንድ መስመር መልስ የሚጽፍ ደግሞ የለም። ልጆቹ ለማንም ያልተጻፈ ሲቪ መጻፍ የለመዱት የሚያነብላቸው ያለ ስላልመሰላቸው ይሆናል። ይህን እንደ ሰበብ ተቀብዬ ግን አላለፍኳቸውም፤ በዚህ ዕድሜዬ ሰበብ መቀበል አልጀምርም።

የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ደንበኛ እያባረሩብኝ ነው እኮ» ስትለኝ ከርማ፣ በመጨረሻ «እንግዲያው ይቀመጡና ያርሙላቸው» ብላ እርሳስ ሰጠችኝ። መጀመሪያ ያረምኩት የዚያን የጊራናውን ልጅ ነው። ፎቶውን አወጣሁ፣ ዓላማውን አወጣሁ፣ ታታሪውን አወጣሁ። «የአባቴን የብርቱካንና የሽንኩርት ማሳ በፓምፕ መስኖ አስተዳድራለሁ፤ የውሃ፣ የመድኃኒትና የምርት መዝገብ እይዛለሁ» የሚለውን ከላይ አስቀመጥኩ። አንድ ገጽ ከግማሽ ሆነ። ልጁ ተጠርቶ ተፈተነ፣ መዝገቡን የያዘበትን ደብተርም ይዞ ሄደ፣ ተቀጠረም። እናቱ እሸት ላከችልኝ።

አብሽር፣ ተሳካልህ ትላላችሁ። ገና ምን አይታችሁ! የተቀጠረ ልጅ ሲቪ በከተማው ተፈለገ። ፋይሉ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ፣ ከቴሌግራም ወደ ቴሌግራም ዞረ። ይኸው ዛሬ ማተሚያው የሚተፋው ሁሉ ብርቱካን አልሚ ነው። ነርሷ ብርቱካን ታለማለች። የአይሲቲ ተመራቂው ሽንኩርት ያጠጣል። አባቱ ባጃጅ የሚነዳ፣ ጓሮው ውስጥ ጤና አዳም እንኳ የሌለው ልጅ የመድኃኒት ርጭት መዝገብ ይይዛል። ከገልባጮቹ ሁለቱ ስልኩን መቀየር ረስተው ቀጣሪ ሲደውል የሚያነሳው የጊራናው ልጅ ነው፤ እሱም ከአሁኑ ደመወዙ የሚሻል ከሆነ ልሂድ ወይ ብሎ እያማከረኝ ነው።

ትናንት አንዱን አስቀረሁት። ሱፉ ያችው ሱፍ፣ ክራቫቷ ያችው ሰማያዊ። «የአባትህ ማሳ ጊራና ነው?» አልኩት። «አዎ ጋሼ፣ እዚያው ነው ያደግሁት» አለኝ ዓይኑን ሳያሽ። «ጎበዝ። ጊራና በየት በኩል ነው?» አልኩት።

ለጊራና ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ቆቦ የሚወስደውን መንገድ ጠቆመኝ።